የሃያ ሁለት ምስክሮች ዝምታ

በሕንድ አገር፣ ፓትና ከተማ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ ገና ጎህ ሲቀድ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከየመስኮቱ የሚሸመደድ ትምህርት ይሰማል። አንዱ የጋንጋን ገባር ወንዞች ይቆጥራል፤ ሌላው የሙጋል ነገሥታትን በየተራ ይጠራል፤ ሌላው ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች ከነቁጥራቸው ይወጣቸዋል። ሁላችንም ከየገጠሩ የመጣነው የሲቪል ሰርቪሱን ፈተና አልፈን ባለሥልጣን ለመሆን ነው። በአከራያችን በጉፕቴሽዋር ባቡ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ብቻ ሃያ ሁለት ተከራይ ተማሪዎች ነበርን። እኔ፣ ማኒካንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከኡትካርሽ ጋር አንድ ክፍል እጋራ ነበር።

ኡትካርሽ ከሁላችንም የላቀ ነበር። ይህን ስል ልሸነግለው ፈልጌ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን በማስጠኛ ቤታችን ስለ ሕንድ ኅብረተሰብ ስንማር፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ስለሚጠርጉ ሰዎች ጻፉ ተባልን። ኡትካርሽ ስድስት ገጽ ጻፈ። ሥራው ለምን ከአንድ የተናቀ ወገን ትከሻ ላይ እንዳልወረደ፣ ሰውን እዚያ ማስገባት የሚከለክለው ሕግ መቼ እንደወጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚገድል፣ አንድ ሳያስቀር ዘረዘረው። መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልንና «ልጆች፣ ነጥብ የሚያመጣ መልስ ይህ ነው» አለ። ወረቀቱ ተባዝቶ ለሁላችን ታደለ። እኔም በቃሌ ያዝኩት።

ዝናቡ ባበቃ በሁለተኛው ሳምንት የግቢያችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ሞላ። ሽታው ደረጃውን እየወጣ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ደረሰ። ጉፕቴሽዋር ባቡ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ተመዘገበ፤ ፍሳሽ መጣጭ መኪናው ሰኞ ይመጣል ተባለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። እሁድ ደግሞ ትልቅ የልምምድ ፈተና ነበረብን። ተሰብስበን ወደ እሱ ወረድን። ረጋ ብለህ ትናገራለህ ብለው እኔን ከፊት አስቀደሙኝ።

«ባቡ፣ በዚህ ሽታ ማጥናት አልቻልንም» አልኩት። «እስከ ነገ ካልጸዳ ክፍል መልቀቃችን ነው።»

«ሰኞ መኪናው ይመጣል እኮ!»

«ፈተናው እሁድ ነው» አለ ኡትካርሽ ከኋላዬ። «ሰኞ ቢመጣ ምን ሊረባን? በእጁ የሚያጸዳ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ይህን አፉን ሞልቶ ተናገረ። ያን ስድስት ገጽ የሸመደድን ሃያ ሁለት ሰዎች እዚያው ቆመናል፤ ዞር ብሎ ያየው ግን አንድም አልነበረም። እኔም አላየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡ ያስጠራቸው ሎታን ራም መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ባልዲና ገመድ ይዘዋል። የአባታችን እኩያ ቢሆኑም በዚያ ግቢ ውስጥ «አንተ» የማይላቸው አልነበረም። የጉድጓዱን ክዳን አነሡና ፈንጠር ብለው ቁጢጥ አሉ።

«ባቡ፣ ትንሽ ይተንፍስ» አሉ። «ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ነው። እስከ ቀትር ክፍቱን ይቆይና እገባለሁ።»

«ቀትር ላይ የልጄ አማቾች ይመጣሉ» አለ ጉፕቴሽዋር ባቡ። «አፉን በከፈተ ጉድጓድ ልቀበላቸው ነው? ከፈራህ ንገረኝ፤ ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

«ኧረ ምን አስፈራኝ! ይሄን ጸጉር ያሸበትኩት እዚሁ ውስጥ አይደል?» አሉና ሳቁ።

ውሃ ለመኑ። ጉፕቴሽዋር ባቡ ማንቆርቆሪያው እጃቸውን እንዳይነካ ከፍ አድርጎ መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው። እኛ በረንዳ ላይ ተደርድረን እናያለን። የተናቁ ወገኖችን ንክኪ መጸየፍ በሕገ መንግሥቱ የተሻረ ልማድ መሆኑን በዚያው ጠዋት ስሸመድድ ነበር።

ኡትካርሽ ጣቱን መጽሐፉ መሃል እንደሰካ ከላይ ጮኸ። «አንተ! ገና አልጀመርክም እንዴ? ወሬውን ተወውና ግባ!»

«ገባሁ ጌታዬ፣ ገባሁ» አሉ ሎታን ቀና ብለው። «ነገ ትልቅ ሹም ሲሆኑ እኔን የጉድጓዶች ሁሉ አለቃ አድርገው ይሾሙኛል!»

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ጫፉን ከዓምዱ ጋር አያያዙና ወረዱ። አንድ ባልዲ ሞልተው ወደ ላይ ገፉ። ሁለተኛው አልመጣም። ጉፕቴሽዋር ባቡ «ሎታን!» ብሎ ተጣራ፤ መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ያን ጊዜ እኔና ሦስት ልጆች ሮጠን ወረድንና ገመዱን ሳብን። ከበደን። እንደምንም ስንጎትተው ቋጠሮው ተፈታና ባዶ ገመድ ብቻ ይዘን ቀረን። ወደ ውስጥ ለመግባት የደፈረ አልነበረም፤ ጋዙ እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለንና! የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ሲያወጧቸው አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሎታን ራም ሞተዋል።

ፖሊስ ሲደርስ ጉፕቴሽዋር ባቡ ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለ። «እኔ አልጠራሁትም። ሰክሮ መጣ፤ የክዳኑን ብረት ሊሰርቅ ሲታገል ወደቀ።» ፖሊሱ ይህንኑ ጻፈ። ከዚያ ወደ በረንዳው አንጋጦ «ያየ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። ሃያ ሁለታችንም ወደየክፍላችን ገብተን በር ዘጋን።

ከሰዓት በኋላ የሟች ሚስት ፉልማቲ ዴቪ መጡ። ግቢው መሃል ቆመው ወደ ተዘጉት መስኮቶች ጮኹ።

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች! ባሌ መጠጥ አይቀምስም! ሌባ ነው እያሉ አስከሬኑን በወጋችን እንዴት ላቃጥለው? ማን እንደጠራው የሚናገር ከመሃላችሁ አንድ ይጥፋ?»

ምስክር ካልተገኘ ሎታን ራም በመዝገብ ሌባ ሆነው ይቀራሉ፤ ሚስታቸውም በሕግ የሚገባቸውን ካሳ አያገኙም። ይህንንም እናውቅ ነበር። ሕጉን አጥንተነዋል።

«ሄጄ ልናገር ነው» አልኩት ኡትካርሽን።

መጽሐፉን ዘጋ። «አብደሃል? ስምህ አንዴ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ከገባ አለቀልህ! ፈተናውን ብታልፍ እንኳ የኋላ ታሪክህ ሲጣራ ምን ልትል ነው?»

«መመስከር ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አለመሆኑን አንተ ታውቃለህ። የሚያጣራው ሰውዬ ያውቃል? ስማኝ ማኒ፣ እኔ አረመኔ አይደለሁም። ነገ ሥልጣን ስንይዝ ይሄን ነገር ከሥሩ እንነቅለዋለን። ለሺህ ሎታን እንደርሳለን። ለአንድ ሰው፣ ያውም ለሞተ ሰው ብለህ ሺውን ታጣለህ?»

ሚዛናዊ ልሁንና፣ ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። በሰፈራችን ያለ ተማሪ ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ መንገድ ላይ ጠብ ሲያይ የሚሸሸው፣ አደጋ ሲያይ የሚያልፈው ለዚሁ ነው። ስሙ ንጹሕ ሆኖ ሹመቱን መጠበቅ አለበት። እኔም አመንኩትና ዝም አልኩ። እሁድ ሄጄ ተፈተንኩ። ከፈተናው ስንመለስ ኡትካርሽ በሐሳብ ተውጦ ሲሄድ ቆየና «ለሲቪል ሰርቪሱ የሥነ ምግባር ፈተና ግን የሎታን ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል» አለኝ። አላሾፈም። ከልቡ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መጣጭ መኪናው መጣ። ሁለት ሠራተኞች ወርደው ቱቦውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ፤ ሞተሩን አስነሡ። ሰዓቴን አየሁ። ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ክዳኑን መልሰው ሲሄዱ ሃያ ደቂቃ ብቻ አልፎ ነበር። አንዳቸውም እግራቸውን እንኳ አላስገቡም።

ሃያ ደቂቃ! ሁለት ቀን አፍንጫችንን ይዘን ብንታገሥ ሰውየው ዛሬ ቤታቸው ነበሩ። ሞቱ በራሱ ጊዜ የመጣ አልነበረም፤ እኛ በራሳችን አንደበት አስቸኩለን ያስጠራነው ነው። በሰፈሩ ያሉት ሁሉ «ያሳዝናል፣ ዕጣው ሆኖ ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ምን ዕጣ አለ? ዕጣ በረንዳ ላይ ቆሞ «ግባ!» ብሎ አይጮኽም።

ጫማዬን ሳስር ኡትካርሽ በሩ ላይ ቆመ።

«ሌላ ማን ነበር ብለው ይጠይቁሃል» አለኝ።

«ይጠይቁኝ።»

«ስሜን ልትጠራ ነው?»

«ያልከውን እናገራለሁ። እኔም ያልኩትን።»

«እኔ እኮ ጓደኛዬ መስለኸኝ ነበር!»

«እኔም ያን ስድስት ገጽ ያመንክበት መስሎኝ ነበር» አልኩትና አልፌው ወጣሁ።

ፉልማቲ ዴቪን በፖሊስ ጣቢያው ደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከቅዳሜ ጀምሮ እየተመላለሱ ነው። ውስጥ ያለው መርማሪ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ተፈታኝ ነህ አይደል? ወንድሜ፣ ለራስህ ብትል ወደ መጽሐፍህ ተመለስ። ይሄ የናንተ ቦታ አይደለም።»

«ቃሌን ይቀበሉኝ።»

«አስበህበታል?»

«ሁለት ቀን ሙሉ።»

ከራሴ ጀመርኩ። ዓርብ ዕለት ማን ምን እንዳለ፣ ሎታን ራምን ማን እንደጠራቸው፣ ጉድጓዱ እስከ ቀትር ይተንፍስ ብለው ሲለምኑ ማን እንደከለከላቸው፣ ከላይ ማን እንደጮኸባቸው፣ እኔም እንደሳቅኩ ተናገርኩ። መርማሪው ሦስት ገጽ ጻፈ። አንብቤ ፈረምኩ።

በማግስቱ ጉፕቴሽዋር ባቡ ተይዞ ተከሰሰ፤ ነገሩ አሁንም ፍርድ ቤት ነው። እኔ ክፍሌን እንድለቅ ተነገረኝ። በዚያው ሳምንት ከተከራዮቹ አራቱ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። ኡትካርሽ አልሄደም። የእኔ ስም በመዝገቡ ላይ ምስክር ተብሎ ተጽፏል፤ እስካሁን ስምህ ጠፋ ያለኝ ሰው የለም። ቢለኝም ጉዳዬ አይደለም።

ያን ሰኞ ግን ፈርሜ ስወጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከፉልማቲ ዴቪ ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«አስጻፍክ?» አሉኝ።

«አስጻፍኩ፣ እናቴ።»

«ሁለት ቀን የት ነበርክ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እዚያ ቤት ሁላችሁም ጠዋት ማታ የምታጠኑት ምንድን ነው?»

«ስለ አገራችን ነው። ታሪኩን፣ ወንዙን፣ ተራራውን፣ ሕዝቡን።»

«እኛም አለንበት?»

«አላችሁበት።»

«ምን ይላል ስለኛ?»

«ሰውን ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት በሕግ ክልክል ነው ይላል። ጋዙ ይገድላል ይላል።»

«ሃያ ሁለታችሁም ይሄን ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለሎታን ለምን አልነገራችሁትም?»

ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ የተማራችሁም ሁሉ፣ በእኔ ብትፈርዱ መብታችሁ ነው። ግን በእኔ ፈርዳችሁ አትቅሩ። የምታጠኑት ሕዝብ በየቀኑ በደጃችሁ ያልፋል። ያወቃችሁትን ሕግ ለፈተና ቀን አታቆዩት፤ ለሹመት ቀንም አታቆዩት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ለቆመው ሰው፣ ሳይወርድ፣ ንገሩት።