ጠርሙሱን የጫረው ማን ነው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ ስለ መንፈስ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄደው እኔ ነኝ፣ እመኑኝ፣ አሁንም ምን እንደምል አላውቅም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ሕይወት አዳማ ውስጥ ኬሚስት ነበረች። ለወባ መድኃኒት ይሆናሉ ብላ የምታስባቸውን አዳዲስ ውህዶች ትሠራለች፣ የአንዱን ጫፍ ትቀይርና እንደገና ትሞክራለች፣ አብዛኛው አይሆንም። አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ቤተ ሙከራዋ ሄድኩ፣ በቀጭን የመስታወት ዘንግ የጠርሙስ ግድግዳ ከውስጥ ስትጭር አገኘኋት፣ ቂርርር ታደርግና ቆም ብላ ታያለች።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«እያባበልኩት ነው። ዘይት ሆኖ ቀረ እኮ። እንደ ስኳር ጠጥሮ ክሪስታል ካልሆነልኝ አይጠራም፣ ካልጠራ ደግሞ ወባው ላይ አይሞከርም። አንዳንዴ ሲጫር ከጭረቱ ላይ ይጀምራል።»

«በናትሽ አቁሚው፣ ጥርሴን አመመኝ።»

«አንተን ደብተር ስትገልጥም ያምህ ነበር!»

ሳቅን። የዚያኑ ዕለት ማታ ወንጂ እናታችን ጋ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም።

ለቅሶተኛው ከተበተነ በኋላ ባልደረባዋ ዶክተር ቶለሳ ደወለልኝ፣ ክፍሉ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሆነ ዕቃዋን እንድወስድ። አመሻሽ ላይ ደረስኩ። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ውስጡ ያው ወፍራም ቢጫ ዘይት።

«ይኼስ?» አልኩት።

«እኛም ሞከርን ወንድሜ፣ እምቢ አለ። ጠዋት መወገድ አለበት» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

የመጨረሻ ሥራዋ ነው፣ እንዲደፋ አልፈለግኩም፣ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ከዶክተር ጋር ምን ብሎ ይከራከራል? እሱ ወደ ቢሮው ሄደ፣ እኔ ጋወኗን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

መብራት ጠፋ። የአየር መሳቢያው ቆመ፣ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላዬ፣ ቂርርር።

ጣሪያው ላይ ወፍ ነው አልኩ። ደግሞ ቂርርር፣ ቆም። ዞርኩ፣ ማንም የለም። ዘንጉ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ ነካሁት፣ ደረቅ ነው። «ሕይወት?» አልኩ፣ አፈርኩም። ለምን አልሮጥክም ትሉኝ ይሆናል፣ ደክሞኝ ነበር፣ ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ይጭራል፣ ይቆማል፣ ልክ ቆም ብሎ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ተወው።

መብራት ሲመጣ ዘይቱ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ መርፌዎች በቅለው ነበር። ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቶለሳ ቀድሜ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው።

«ብቻውንም ሊሆን ይችላል፣ ያጋጥማል» አለ። ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ከጭረቱ ላይ ነው የጀመረው። ማታ ጭረኸው ነበር እንዴ?»

አልጫርኩም ብዬ ብነግረው ምን ሊያስብ ነው? ቢደፋውስ?

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጎበዝ!» አለና ወደ ማጣሪያው ወሰደው። እኔ ዕቃዋን ተሸክሜ ወጣሁ፣ ማን እንደሠራው የማላውቀውን ሥራ የራሴ ማድረጌ እየከበደኝ፣ እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄድኩ፣ አንዴም ወደ ኋላ አልዞርኩም።