ስልሳ ሁለት ቁጥር ኮርማ

ላቦራንቱ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ለመንበርከክ የበሩን መቃን ያዘች። ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ይቀራታል፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ወጥቷል።

ክፍሉ በከብት ማዳቀያ ጣቢያው ውስጥ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት ነው። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከፈሰሰ ተንኖ አየሩን ያባርርና ሰውን በሁለት እርምጃ ይጥላል። ስለዚህ ሰው ሲገባ ማራገቢያው ይበራል፤ ማብሪያው ከበሩ ውጭ ነው። አሁንም እየጮኸ ነበር። ትልቁ ጋን ግን ባዶውን ቀርቷል፤ ወለሉም በብርዱ ተሰነጣጥቋል።

«ልቡ ነው» አለ ዶክተሩ። የከብት ሐኪምና የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ የሟች እህት ባልም ነው። «በሩ ላይ ስናወራ ቆይተን ገባ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዱብ ሲል ሰማሁ። ሮጬ ገብቼ ደረቱን ብጫን፣ ብጫን፣ አልሆነም።»

«ማራገቢያው?»

«ሲሠራ ነበር። ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም እኮ፤ ማንም አልነካውም።»

ሰው ከተጠየቀው በላይ ሲመልስ ኢንስፔክተሯን ይደክማታል፤ ሥራ ይበዛባታል።

የሟች እህት መዝገብ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። ስምንት ዓመት መካን ስትባል ኖራ ነገ ጠዋት የፍቺ ወረቀት ልትፈርም ነው።

«ወንድምሽና ባልሽ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ» አለች። እንባዋ ደርቋል። «ወንድሜ ጥሩ ሰው ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ የላቦራቶሪውን መዝገብ ይዛ ወደ ሽማግሌው ኮርማ ጠባቂ ሄደች።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሁለት ቁጥር የትኛው ነው?»

«እሱማ ከታረደ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ልጄ።»

«ባለፈው ሳምንት ዘሩ ተመርምሯል ይላል።»

«እንግዲህ ከሞት ተነስቶ ይሆናላ። ለእኔ የነገረኝ የለም።»

ናሙናውን ያስገባው ዶክተሩ ነው፤ ፊርማው አለ። ከጎኑ ላቦራንቱ በእርሳስ «የኮርማ አይደለም። ዲኤንኤውም የተበጣጠሰ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩት» ብሎ ጽፏል።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩን፣ ሚስቱንና ኮርማ ጠባቂውን ላቦራቶሪ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ተቀመጠች፤ እነሱ ቆሙ።

«ዶክተር፣ እዚህ የሞተ ኮርማ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። የሰው ሐኪም ቤት ሄደው መታየት አፍረው የራስዎን ዘር በዚያ ቁጥር አስገቡ። ግን የኮርማ ዘር ሰፋ ያለና አንድ ዓይነት ነው፤ የሰው ትንሽ፣ መልኩም የተዘበራረቀ። ሃያ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያቀረቀረ ሰው ይሸወዳል?»

«ዘሬ ጤነኛ ነው። ሲዋኝ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ይዋኛል። የተበጣጠሰው ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ነው። ሴቷ ታረግዛለች፤ ፅንሱ ግን ብዙ ጊዜ አይጸናም። ላም በጨነገፈች ቁጥር ለገበሬው ይህንን የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ዘጋች።

«አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ያን ያህል ጋን በአንድ ደቂቃ አይፈስም። ሟች እየቀዳ ሳለ ወድቆ፣ ቧንቧው ክፍት እንደሆነ ፈሶ አለቀ፤ ወዲያው የገባ ሰው ቢኖር ይዘጋው ነበር። ማራገቢያው ቢሠራ ኖሮ እሱ አይሞትም ነበር። ጠፍቶ ቢሆንና እንዳሉት ሮጠው ቢገቡ ኖሮ እርስዎም እላዩ ላይ ይወድቁ ነበር። እርስዎ ግን ቆመው አወሩኝ። ስለዚህ ማራገቢያውን ያጠፋ፣ ከወደቀ በኋላ ያበራ፣ አየሩ እስኪጠራም ውጭ የጠበቀ ሰው አለ። ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም ያሉኝ ደግሞ እርስዎው ነዎት።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወንድሟ ሳትፈርም ሊነግራት ነበር» አለ። «ስምንት ዓመት ዘመድ አዝማድ ፊት መካን ስላት ኖሬ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ነግሮኛል» አለች ሚስቱ።

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ትናንት ነገረኝ። ጠዋት ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት የባሌ ገመና ነው ብዬ ነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «እኔን እንደምታፍር ስለማውቅ፣ ‹ሂድና ይታከማል በለው፤ ትዳሬን አላፈርስም ብላለች በለው› ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። አልነገረህም?»

«ጀምሮ ነበር» አለ ዶክተሩ። «መጀመሪያ ቀድተህ ጨርስ አልኩት።»