ጠጠር ያልተሰጠው እጅ

የጠጠር ቀን ሲነጋ «ይቅር» የተባለው የነሐስ ጋን ደም አላበው።

በሐንዛር አደባባይ ሁለት ጋኖች ቆመዋል፤ አንዱ «ይሂድ»፣ ሌላው «ይቅር» ይባላል። የሚዛኑ ራስ የተባለው የከተማዋ ሹም በየዓመቱ የአንድ መንደር ስም ይጠራል፤ ግብር የከፈሉ ሁሉ የታተመ ጠጠራቸውን ከሁለቱ በአንዱ ይጥላሉ። «ይሂድ» ካመዘነ የዚያ መንደር ወጣቶች ጦር ይዘው ወደ ዘንጉሮች ገደል ይወርዳሉ፤ አውሬዎቹ ወደ ከተማዋ እንዳይወጡ በሥጋቸው ይገድባሉ። ግብር ያልከፈለ ጠጠር የለውም። ያለ መብት ድምፅ የሰጠ፣ ወይም ጠጠሩን ለሌላ ያሳለፈ፣ እጁ ይቆረጣል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራው ሸንቆ ነበር። የሸንቆን እርሻ ዘንጉር አቃጠለው፤ እርሻው የተቃጠለበት ግብር አልከፈለም፤ ግብር ያልከፈለ ጠጠር አጣ፤ ጠጠር ያጣ ወደ ዘንጉር ተላከ። የሐንዛር ሊቃውንት ይህን «ሥርዓት» ይሉት ነበር። ውሳኔውም ለጉባኤው የታረደው በሬ ጥብስ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር።

በዚያ ቀን የጋኑ ደም በጨርቅ ተወለወለና የሚዛኑ ራስ ቀንዳር «ሸንቆ!» ብሎ ተጣራ። ሰሪና የተባለች የሸንቆ ድንጋይ ጠራቢ፣ ገደሉ ሦስት ወንድሞቿን የበላባት ወጣት፣ የከፈለውን ካልከፈለው የሚለየውን ገመድ ተሻግራ ገባች።

«ጠጠር ስጡኝ» አለች።

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ቀንዳር ግን አልሳቀም፤ ብልህ ሰው ነበር።

«ልጄ፣ ቅጥሩን የሠራው የእኛ ብር ነው። ድልድዩን የጠገነው የእኛ ብር ነው። ከራሱ ኪስ ምንም ያላወጣ ሰው በሌላው ገንዘብ ልዘዝ ቢል፣ ይህ ዝርፊያ እንጂ ፍርድ ነው?»

«ቅጥሩን ማን ጠበቀው?» ስትል ሰሪና ጮኸች። «እናንተ ብር ትከፍላላችሁ፤ ብሩም ድልድይ ሆኖ ይመለስላችኋል። እኛ የከፈልነው ግን አልተመለሰም! ወንድሞቼን በየትኛው ሚዛን መዘናችኋቸው?»

ቀንዳር ጢሙን ደባበሰ። «እናት ዘንጉር የነጠቀችን የግብር ሣጥን ከደረቷ ሥር አለ። እሱን ካመጣሽ የሸንቆ ውዝፍ ይሰረዛል፤ መንደርሽም ጠጠር ያገኛል። እስክትመለሺ ጉባኤው ይቆይ። በሚዛኑ ምያለሁ!»

«እኔም በወንድሞቼ አጥንት ምያለሁ» አለች።

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው ደጎሌ፣ ከጎምበር መንደር የመጣ ወፍራም ቀልደኛ አንጥረኛ ነው፤ ጎምበርም ጠጠር የላትም። ሁለተኛው ሻምቃ፣ ሣጥኑ እንዳይሰረቅ ቀንዳር የላከው የአደባባዩ እጅ ቆራጭ ነው።

«ሻምቃ፣» አለ ደጎሌ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ «አንተስ ስንት ጠጠር አለህ?»

«እኔ ከግብር እበላለሁ እንጂ ግብር አልከፍልም።»

«አሃ! ታዲያ ከእኛ በምን ትሻላለህ? በመጥረቢያህ ነው?»

ሻምቃ መጥረቢያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ቀድሟቸው ወረደ።

እናት ዘንጉርን ቀትር ላይ አገኟት። ሰውነቷ እንደ ነብር ዝንጉርጉር፣ መንጋጋዋ እንደ አዞ፣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ነው። ሻምቃ የኋላ እግሯን በመጥረቢያ ገመሰው፤ አውሬዋ ስትዞር በጅራቷ ከአለቱ ጋር አላተመችው፤ ጎድኑ ሲሰበር ተሰማ። እሳት ስትተፋ የሰሪና ግማሽ ፊት ተለበለበ።

«ድንጋይም ቢሆን ስንጥቁ ከተገኘ ይከፈላል!» አለች ሰሪና በአውሬዋ አንገት ላይ እየወጣች። ከጆሮዋ ኋላ ሁለቱ አጥንቶች የሚጋጠሙበትን ስፍራ አየች፤ መሮዋን ደቀነች። አውሬዋ ግን ራሷን ታወናጭፍ ነበር። ያን ጊዜ ደጎሌ መዶሻውን ጥሎ በሁለት ክንዱ መንጋጋዋን አቀፈ። ጥርሶቿ ከወገቡ ገቡ። አልለቀቀም።

«ምቺ! ምቺ እንጂ፣ ምን ታያለሽ!»

መታች። ሦስት ጊዜ መታች። መሮው እስከ እጀታው ሰጠመ፤ ትኩስ ደም ክንዷን አጠበው። መንጋጋውን ፈልቅቀው ሲያወጡት ደጎሌ በአንድ ጅማት ብቻ ተያይዞ ነበር። «እናቴን...» አለ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ሞተ። ከገደሉ ሥር የሰባት ግልገሎች ጩኸት ይሰማ ነበር።

ሰሪና ሣጥኑንና የደጎሌን ኩታ፣ ሻምቃ የአውሬዋን ራስ ተሸክመው ገቡ። ሐንዛር በእልልታ ተቀበለቻቸው። ቀንዳርም መሐላውን አልበላም፤ ለሸንቆ ሰዎች የታተመ ጠጠር አደለ፤ የመጀመሪያውን በሰሪና መዳፍ አኖረ።

«እንግዲህ ሸንቆ ከፋይ ናት። ግልገሎቹ ግን አልሞቱምና ጉባኤው ይቀጥል» አለ። ከዚያም «ጎምበር!» ብሎ ተጣራ።

ሰሪና ደነገጠች። ይባስ ብሎ የገዛ መንደሯ ሰዎች፣ ትናንት የሚያለቅሱት፣ በአዲስ ጠጠራቸው ወደ «ይሂድ» ተሰለፉ።

«ጎምበር የደጎሌ አገር ናት!» አለቻቸው።

«ዘንድሮስ እኛ አይደለንም፣ እህቴ» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ያን ጊዜ ገባት። የገዛችው ፍትሕን አልነበረም፤ ከገመዱ ወዲህ መቆሚያ ቦታ ነበር። ከገመዱ ማዶ የደጎሌ እናት እማማ ዝናሬ በደም የረጠበ ኩታውን አቅፈው ቆመዋል። ሰሪና ሄዳ ጠጠሩን በመዳፋቸው አኖረች።

«እማማ፣ ይህ የልጅዎ ነው። ይጣሉት።»

«እጄን ይቆርጡታል፣ ልጄ።»

«የእኔ ይቅደም።»

አሮጊቷ ጠጠሩን ከ«ይቅር» ጣሉት። ጋኑ እንደ ደወል ጮኸ።

«የሰጠችው እጅ ይቆረጥ! ሻምቃ!» አለ ቀንዳር።

ሻምቃ ሃያ ዓመት ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው፤ መጥረቢያው ወረደ። መሮውን ደቅኖ መዶሻውን ያነሳ የነበረው ቀኝ እጇ ከጋኑ ሥር ወደቀ። ሰሪና ከንፈሯን ነክሳ ቆመች እንጂ አልወደቀችም።

«አሁን ደግሞ የአሮጊቷን!»

ሻምቃ የእማማ ዝናሬን እጅ አየ። የያዙትን ኩታ አየ። ከዚያም መጥረቢያውን መሬት ላይ አኑሮ ጎንበስ አለ፤ ከአደባባዩ አፈር አንድ ተራ ድንጋይ አነሳና «ይቅር» ውስጥ ጣለው።

«አንተ ደግሞ ምን ከፍለህ ነው?» አለ ቀንዳር።

«ደጎሌም ጠይቆኝ ነበር፤ መልሱን አሁን ሰጠሁት።»

ገመዱ ተበጠሰ። የጎምበር ሰዎች፣ ተሸካሚዎች፣ ውኃ ቀጂዎች፣ ከየመሬቱ ድንጋይ እየለቀሙ ወደ ጋኑ ጎረፉ። ዘቦቹ አሥራ ሰባት ሰው ወጉ። አሥራ ስምንተኛዋን ሊወጋ የነበረው ዘብ ጦሩን እንዳነሳ ቀረ፤ እሱም ጠጠር አልነበረውም። ጦሩን ወደ ቀንዳር አዞረ። ሲመሽ «ይቅር» ሞልቶ ፈሰሰ፤ የታተመውን ካልታተመው የሚለይ አልተገኘም።

በዓመቱ የጠጠር ቀን የመንደር ስም አልተጠራም። ጉባኤው ዘመቻውን ከወደደ፣ የሚወርዱት ከሐንዛር ቤቶች ሁሉ በዕጣ እንዲመረጡ ሕግ ወጥቷል፤ የቀንዳር ሦስት ወንዶች ልጆችም ስማቸው በዕጣው ውስጥ ነበር። ሰሪና ድንጋይዋን በግራ እጇ ይዛ ተራዋን ጠበቀች። ግልገሎቹን በወጥመድ እንያዝ ያለ ነበር፤ የገደሉን አፍ በድንጋይ እንድፈን ያለ ነበር፤ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ማንም ያላሰበው ብልሃት ሁሉ በአንድ ቀን ታሰበ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ክርክሩ አላለቀም። ጥብሱ ቀዘቀዘ፤ ሞራው ረጋ፤ ማንም አልነካውም።