ከአኳሪየሙ በላይ ያለው ምስማር

ሽማግሌው ሳሎናቸው መሀል ተንጋለው ሞተዋል። ጭንቅላታቸው በአኳሪየሙ መደርደሪያ ጥግ ተፈንክቷል። ምንጣፉ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል፤ ያ ሁሉ የተንቆለጳጰሰ ዓሣም በየወንበሩ ሥር ተበትኖ ቀርቷል። መርማሪዋ ስትደርስ የቤቱ ሰዎች የሚነጋገሩት ግን ስለ ምንጣፉ ነበር።

በሩ ላይ የተቀበላት የሟቹ ልጅ ነው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሰሞኑን ተሹሟል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ነገራት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ገንዳው ተሰነጠቀ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ አባቴን አዳለጣቸው። ገንዳውን የሠራው ያ ነው። እሱን ይዘሽ ሂጂ።»

«ያ» የተባለው የእህቱ ባል ነው፤ መስታወት እየቆረጠ የሚያድር ሰው። እዚህ ቤት አማች ብሎ የጠራው የለም፤ ባለመስታወቱ ነው የሚሉት። አሁንም ማንም ወንበር ስላልሰጠው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ማጣበቂያው ከድቶኝ ይሆናል። ግን እኔ ከታሰርኩ ሚስቴ ማን አላት? ልትወልድ ደርሳለች። ወንድሟ እንደሆነ ደጁን አያስረግጣት።»

«ሳይጠየቁ በራስዎ አይፍረዱ» አለችው መርማሪዋ። ሰው ሲንቅ ማየት ያናድዳታል፤ የተናቀ ሰው መልሶ ራሱን ሲንቅ ማየት ደግሞ ይብሳታል።

ገንዳውን ዞራ አየችው። መደርደሪያው ቀጥ ያለ ነው፤ ወዲህም ወዲያም አላዘመመም። ከገንዳው ሥር ወፍራም ስፖንጅ ተነጥፏል። ከመስኮቱ ፀሐይ ርቆ ተቀምጧል። ሽማግሌው ለሚስታቸው ያልሰጡትን ፍራሽና ጥላ ለዓሦቻቸው አዘጋጅተዋል። የአራቱም ጥግ ማጣበቂያ እንዳለ ነው። የፊቱ መስታወት ግን መሀሉ ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ተተርትሯል፤ ታችኛው ግማሽ ረግፏል።

ከገንዳው በላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ምስማር አለ። የዓሦቹን ውሃ የሚያሞቀው ባለብርጭቆ ዘንግ ሶኬቱ ተነቅሎ እዚያ ተሰቅሏል። ብርጭቆው አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«አባቴ ናቸዋ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በየትኛው እጃቸው?» አለች እናቱ ከሶፋው ላይ። «ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ ኮታቸውን እንኳ የማለብሳቸው እኔ ነኝ። እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሣም።»

ልጇ በዓይኑ ገሰጻት። መርማሪዋ ይህን አየች።

«ከሞቱ በኋላስ ከእናንተ የነካው አለ?»

ሦስቱም አልነካንም አሉ።

«ታዲያ ውሃውን ማን ይቀይር ነበር?»

እናትየው ልጇን ቀና ብላ አየች።

«ሠራተኛ ይመጣል» አለ ልጇ ፈጠን ብሎ። «እኔ ጣቴን ነክሬበት አላውቅም። የሎሌ ሥራ ነው።»

መርማሪዋ ለታመሙ ዓሦች የተቀመጠች ትንሽ ገንዳ ከጓዳ አስወጣች። ውሃ አስሞላችና ማሞቂያዋን ሰካች። ከዚያ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ባለመስታወቱ እዚያ ቤት ወንበር ያገኘው ያኔ ነው። እሷም በጆግ ከገንዳዋ ውሃ እየቀዳች ባልዲ ውስጥ እየገለበጠች ማውራት ጀመረች።

«በራሱ የሚሰነጠቅ ገንዳ መደርደሪያው ያዘመመበት ወይም ሥሩ የጎረበጠው ነው፤ ስንጥቁም ከጥግ ይጀምራል። ይሄ ግን እንደ አራስ ልጅ ስፖንጅ ላይ የተኛ ነው። ተመትቶ ነው የተሰበረው።»

«ሲወድቁ መትተውት ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይሆናል። ማሞቂያውስ? እየሠራ ውሃው በድንገት ቢጎድልበት ብርጭቆው በገዛ ግለቱ ይሰነጠቅ ነበር። ደህና ነው። ስለዚህ ገንዳው ሙሉ እያለ ሶኬቱ ተነቅሏል፤ ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ ውሃው ውስጥ ቆይቷል፤ ከዚያ ተሰቅሏል። ገንዳው ሊሰበር መሆኑን ከመሰበሩ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበረ። የሟቹ እጅ ደግሞ ምስማሩ ጋ አይደርስም።»

ጆጉ እየተመላለሰ ነው። ውሃው ጎደለ፤ የማሞቂያው ጫፍ ብቅ አለ። የሥራ አስኪያጁ ዓይን ከመርማሪዋ አፍ ወደ ገንዳዋ ወረደ፣ እዚያው ቀረ።

«ኧረ ሳትነቅዪው ውሃ አይቀነስም» አለና ተነሥቶ ሶኬቱን መነጨቀው። በሌላ እጁ ጆጉን ያዘ። ዘንጉን ግን አልነካውም፤ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ ይጠብቃል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ ይሄኛው ልማድ ደግሞ ከፖሊስ ፊት አስቆመው።

እናቱ «ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃውን የሚቀይረው እሱ ነው» አለች። «አባቱ እየጮሁበት። ሰው እንዳያውቅበት መጋረጃ ዘግቶ ነው የሚሠራው።»

ሥራ አስኪያጁ ተቀመጠ። ሹመቱ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«መሾሜን ልነግራቸው መጣሁ» አለ። «"መጀመሪያ መስታወቱን ወልውል" አሉኝ። ገፋኋቸው። ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አልነበረም።»

መርማሪዋ እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ነበር።

«አምንሃለሁ» አለችው። «መግፋቱ የንዴት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አባትህን ወለል ላይ አጋድመህ ማሞቂያ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅክ። መስታወቱን ሰብረህ ነፍሰ ጡር እህትህን ያለ ባል ልታስቀር። በጠበቅክበት ጊዜ ሐኪም ይደርስ ነበር። ምናልባት ይተነፍሱ ነበር። አይተሃል?»

አላየም። ዓይኑ የነበረው ማሞቂያው ላይ ነው።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት እናቱ አብራ ወጣች፤ ኮቱን ልታለብሰው። ባለመስታወቱ ግን ከመሄድ ይልቅ ወደ ተሰበረው ገንዳ ተጠጋ፣ ጥጎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ።

«ማጣበቂያዬ አልከዳኝም ማለት ነው?»

«አልከዳዎትም» አለችው መርማሪዋ፣ ኮፍያዋን እየደፋች። «በዚህ ቤት ያልከዳ እሱ ብቻ ነው። አሁን ሚስትዎ ጋ ይሂዱ።»