የተለሰነው ግድግዳ

«ማነው የሠራው?» አለ የመብራት ተቆጣጣሪው፣ አዲሱን ሶኬት በመፈተሻው እየነካካ።

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

ብቻዋን ነው። እናቷ አያቷን ለማስታመም ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል አጠገብ ከተቀመጠች ሦስት ወር አልፏታል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ራሷ ትከፍታለች፤ ራሷ ሠርታ ራሷ ትበላለች። ዝምታው ሲከብዳት ሬዲዮ ከፍታ ከዜና አንባቢው ጋር ትከራከራለች። እሱም አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥቷት አያውቅም።

አያቷ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። እሳቸው የሚያርፉበት የጓሮው ክፍል መብራት ገብቶለት ተቆጣጣሪው ከፈረመ፣ ሁለቱም ቅዳሜ ይመጣሉ። ልጅቷ በሙያ ትምህርት የተማረችውን ይዛ መስመሩን በደንቡ መሠረት ዘረጋች። ሶኬቱ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት ሽቦው አለቀባት። ሱቁ ዝግ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቸኩላለች። ቁራጭ ሽቦ ቀጠለችበት፣ በናስትሮ ጠቀለለችው፣ ከዚያ ለሰነችበት። የተቀጠለ ሽቦ የሚቀመጠው በሚከፈት ሳጥን ውስጥ እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ፈተና ላይ እንኳ በትክክል መልሳዋለች።

ትናንት እናቷ ደውላ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትላት፣ «ፏ ብሏል» ብላ ነበር የመለሰችላት።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ አወጣ። «ግድግዳው ውስጥ የተቀጠለ ሽቦ የለም አይደል?» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«የለም» ማለት አንዲት ቃል ናት። ቅዳሜ ማታ ሰው ባለበት ቤት ትተኛለች። ግን ከቅዳሜ በኋላ ያለው ታያት፤ ማሽኑ ቀን ከሌት ሲሠራ፣ የቀጠለችው ሽቦ ልስኑ ውስጥ ሲግል፣ አያቷ እዚያው ግድግዳ ሥር ተኝተው።

«አለ፣ ጋሼ» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። «የቱ ጋ?»

በእጇ አሳየችው።

«እያወቅሽ ነው የለሰንሽበት?»

«እያወቅኩ ነው።»

ሰውየው ወረቀቱን አጠፈ። አልተቆጣትም። «ክፈቺውና አንድ ወጥ ሽቦ ሳቢበት። እኔ ግን ወደዚህ ሰፈር የምመለሰው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።»

ሸኝታው ስትመለስ ቤቱ ከወትሮው ይበልጥ ጭር አለባት። ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ፊቷን ታጠበችና ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ቅዳሜ አትምጡ» አለች። «ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።»