ሰማያዊው ጢንዚዛ ከውስጥ

አቶ መኩሪያ ከአገር ርቀው በፌርፋክስ ጎዳና በከፈቱት የጥንታዊ ዕቃ ሱቃቸው ወድቀው ሲገኙ ሰውነታቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ጆሮ ግንዳቸውን መትቷቸዋል። ቀኝ እጃቸው ግን ጥብቅ ብሎ እንደተጨበጠ ነው። ፖሊስ ለትርጉም የጠራት የግል መርማሪ እታገኘሁ አጠገባቸው ተንበርክካ ስለነበር፣ ጭብጡ ሲከፈት ያዩት እሷና የፖሊስ ሐኪሙ ብቻ ናቸው። ውስጡ ለሁለት የተሰበረ፣ በጢንዚዛ ቅርጽ የተሠራ ሰማያዊ ጌጥ ተገኘ፤ ስብራቱ ቀይ ሸክላ ያሳያል።

የጥንት ግብጾች ለክታብነት የሚሠሩት ዓይነት ነው። የታክሲ ሹፌሩ የነጅሙዲን ሚስት ካይሮ ትኖር ከነበረች አክስቷ ወርሳዋለች፤ እሱም አቶ መኩሪያ ዕድሜውን እንዲያጣሩለት ትቶላቸው ሄዶ ነበር።

እታገኘሁ ሁሉንም ለየብቻ አነጋገረች። የሟች ሚስት እትዬ እሌኒ ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓዳ ሬዲዮ ከፍተው ስለነበር ምንም አልሰሙም። ስለ ጢንዚዛው ስትጠይቃቸው፣ ነጅሙዲን ያመጣው ዕለት ክር ማስገቢያው ጋ ተሸርፎ ነጭ ነጭ ሲል ማየታቸውን አስታወሱ። ነጅሙዲን ሊወስደው መጥቶ ሱቁ ተዘግቶ ስላገኘው መመለሱን ተናገረ። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው የእሌኒ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ዕቃ ለማድረስ ጋርዴና ከተማ ድራይቭ አድርጌ ነበር አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነጅሙዲንን ጠይቂው። ፌክ ነው ያመጣላቸው፤ ላዩን ሰማያዊ ቀብተውት ነው እንጂ ውስጡ ተራ ቀይ ሸክላ ነው። ሶ፣ ጋሼ ሲነቁበት ተጣሉ ማለት ነው።»

እታገኘሁ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

በማግስቱ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ነጅሙዲን ያስረከበው እውነተኛ ነው» ብላ ጀመረች። «ፋየንስ ይባላል፤ ከተፈጨ ነጭ ድንጋይ ስለሚሠራ ውስጡ ነጭ ነው። እትዬ እሌኒ ነጩን በሽርፉ በኩል አይተውታል። ሟች እጅ የተገኘው ግን ሽርፍ የለውም፤ ውስጡም ቀይ ነው። እዚሁ ሱቅ ውስጥ ተለውጧል።»

ወደ ብርሃኑ ዞረች።

«ላዩ ሙሉ በሙሉ የተቀባ ነው። ውስጡን የሚያውቀው ያሠራው ወይም ሲሰበር አጠገባቸው የነበረ ሰው ነው። ስባሪውን ጋሼ መኩሪያ ጨብጠውት ሞቱ፤ ከእኔና ከሐኪሙ በቀር ያየ የለም። አንተ ቀይ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ብርሃኑ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ፖሊሱ አልተነቃነቀም። ዋናውን ደብቆ በአምሳያው መተካቱን፣ አቶ መኩሪያም አምሳያውን ሰብረው ሲያሳዩት ስባሪውን ሊነጥቃቸው ሲል መግፋቱን ተናገረ።

እታገኘሁ ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር። ሐኪሙ፣ ሰውየው ወዲያው አልሞቱም ብሏት ነበር።

እትዬ እሌኒ ግን ባላቸው የወደቁበትን ቦታ ሲያዩ ቆይተው ቀና አሉ።

«ጓዳ ነበርኩ እኮ» አሉት ወንድማቸውን። «ሲወድቅ ለምን አልጠራኸኝም?»