የቀረችው መቶ አርባ እርምጃ

ካርታው ላይ ክፍተቷ ከጥፍሬ አትበልጥም። መሬት ላይ ግን መቶ አርባ እርምጃ ናት፤ ከአጥሩ ውጭ ዞሬ ቆጥሬያታለሁ።

ሦስት መንደሮች ናቸው። ትምህርት ቤቱ በላይኛው፣ ገበያው በመካከለኛው፣ ጤና ጣቢያው በታችኛው። የሚያገናኛቸው የመኪና መንገድ ብቻ ነው፤ የጭነት መኪና ሲመጣ እግረኛው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ብስክሌተኛው ደግሞ ብስክሌቱን ታቅፎ ይገባል። የእኔ ሥራ በየማሳው ዳር ተበጣጥሰው የቀሩትን ቀጫጭን መንገዶች ማስፋትና ማያያዝ ነበር፤ ሰው በእግሩም በብስክሌቱም ከቦይ ድኖ እንዲሄድ።

ሰባት ዓመት ባህር ማዶ ተምሬ የተመለስኩት ለዚህ ነው እል ነበር። ሻንጣዬን ግን አራግፌ አልጨረስኩም። የመንደሩ ሰው ሜትሩን ከእጄ ስለማልለይ «ሜትር» የሚል ስም አወጣልኝ። «ሜትር፣ እስቲ የባሌን ስንፍና ለኪልኝ» የምትለኝም አልጠፋችም።

ሁሉም ተያያዘ፤ የቀረችው መቶ አርባዋ ብቻ። እሷም ያለችው በአንዲት ባል የሞተባቸው እናት የባቄላ ማሳ ውስጥ ነው። አንድ ልጃቸው ድልድዩ አጠገብ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ብስክሌት ይጠግናል። «ፔዳል» ይሉታል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። «ውጭ ኖራ ሥርዓቷን ረሳች» እንዳልባል ፈራሁ። ትልቅ ሰው ቤት ዘው ብሎ ገብቶ መሬት ስጡኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ልጃቸውን ላክሁት።

«ለእናትህ በአክብሮት ንገርልኝ» አልኩት።

«እነግራታለሁ» አለ፤ የጎማውን ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን እየፈለገ። «መንገዱ ሲያልቅ ግን አንቺ ወዴት ነሽ?»

«ሥራው ሲያልቅ ምን እሠራለሁ? እሄዳለሁ።»

ሳላስብበት ነው ያልኩት። እሱ ግን አረፋውን መፈለጉን ተወ።

በማግስቱ መልስ ይዞ መጣ። «እናቴ እምቢ ብላለች።»

«ምነው?»

«ባቄላው ይደነግጣል ብላለች።»

በሳምንቱ ደግሜ ላክሁት።

«ብስክሌት ያየች ላም ወተቷ ይነጥፋል ብላለች።»

«ላም አላችሁ እንዴ?»

«ወደፊት ስንገዛ ማለቷ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ። በየቀኑ መልስ ለመስማት ቆርቆሮው ጥላ ሥር እሄዳለሁ። በርጩማውን ይጠርግልኛል። ስለ እናቱ የምጠይቀው ሁለት ደቂቃ፣ የምቀመጠው ሁለት ሰዓት። ጎማ አንጠልጥሎ ሲያሽከረክር በሽቦዎቹ መሃል ያየኛል፤ እኔም ጎማውን የማይ እመስላለሁ። ጎማው ሲቆም ሁለታችንም የምናየው ይጠፋናል።

ከዚያ የመንገድ ሥራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠራኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተያያዘ በጀቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል» አለኝ። አራት ቀን ቀርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከተማርኩበት አገር የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወሬውም መንደሩን ሁሉ አዳረሰ። ማታ ሻንጣዬን ሳየው አፉን ከፍቶ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

በበነጋታው ነውሩን ዋጥ አድርጌ ራሴ ሄድኩ። እናትየው ባቄላ ይኮተኩታሉ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ። ባቄላው እንዳይደነግጥ እኮ በግራም በቀኝም አጥር እናጥርለታለን።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ባቄላው ምን እንዳይሆን?»

«እንዳይደነግጥ። ላሟም ብትሆን…»

«የምን ላም?»

እሳቸው መኮትኮቻውን ጣሉና እጄን ይዘው ከአጥሩ ጀርባ ወሰዱኝ። በማሳው መሃል ከዳር እስከ ዳር ሦስት ሜትር የሚሰፋ ያልተዘራ መሬት ተጋድሟል። ድንጋዩ ተለቅሞ ዳር ላይ ተከምሯል።

«ልጄ በነገረኝ ዕለት ነው የተውኩልሽ። ለጉልበቴ ጤና ጣቢያ ስመላለስ ስንቴ ቦይ ውስጥ ገባሁ መሰለሽ! ሐኪሙም ብስክሌት ንጂ ብሎኛል። ቆይ ትመጣለች፣ ቆይ ትመጣለች ስል፣ ይቺ የተማረች ልጅ ንቃኝ ነው አልኩ። አፍ የለሽም?»

ያን ሁሉ ሜትር ይዤ እሷን ሦስት ሜትር አላየሁም።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ፔዳል ፊቴን አይቶ ገባው። መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«የትኛው ባቄላ ነው የሚደነግጠው?»

«መንገዱ ሲያልቅ እሄዳለሁ ብለሽ…»

«እና ሰው ቦይ ውስጥ ይክረም?»

«ስለ ሰው አላሰብኩም። ስላንቺ ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«አትሂጂ ማለት ያቅታል?»

«እኔ ከካላማዳሪ ጋር የምውል ሰው፣ ኢንጂነር አትሂጂ ልበል? በምን አፌ?»

ልቤ ሊራራ ሲል ቦዩ ትዝ አለኝና ዞሬ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ተቆፈረ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። እሱ ግን ገና ሳይነጋጋ አካፋ ይዞ ከሁሉ ይቀድማል፣ ከሁሉ በኋላ ይሄዳል። ከቁጥር በቀር አላናገርኩትም።

«ሁለት ሜትር ተኩል።»

«እሺ።»

«ጠጠሩ አሥር ሳንቲ ሜትር።»

«እሺ።»

መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ሳየው፣ ሜትሩን ለምን እንዳወጣሁት ረሳሁ። ሁለቴ የለካሁትን ሦስተኛ ለካሁት።

በመጨረሻው ቀን መንገዱ ተያያዘ። ሰብሳቢው ከዳር እስከ ዳር ተራምዶ «ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ሁለት ወር?» አለ። ፔዳል አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። የኮሚቴው ሰው ሲበተን ሁለታችን ቀረን።

«ደብዳቤውስ?» አለ።

«መልስ ጽፌያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ከጤና ጣቢያው እስከ ወንዙ ማዶ ገና አራት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል ብዬ።»

አካፋው ወደቀ። አላነሳውም።

«አሁን ለእናትህ መልእክት አድርስልኝ» አልኩት።

«እኔን? ደግመሽ?»

«ልጅዎን ትፈልገዋለች በል። በአክብሮት።»

ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«እሺ ብላለች።»

«ቤታቸው መቼ ደረስክ?»

«ያኔ ያለችውን ነው። መንገዱንም ልጁንም ትውሰድ ነበር ያለችው። ሁለቱንም የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ያንተን ወሬ ከእንግዲህ የሚያምን የለም። ራሴ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።»

መሄድ አላስፈለገኝም። በአዲሱ ጠጠር ላይ አንድ ቀይ ብስክሌት እየተንገዳገደ መጣ። እናትየው ናቸው፤ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ፣ መሪውን በሌላው ይዘዋል።

«እማማ! አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ…»

«እሺ ብያለሁ፣ እሺ!» አሉ፤ ሳይቆሙ በመሃላችን እያለፉ። «ይልቅ ፍሬኑ የቱ ጋ ነው?»

ተያይዘን ከኋላቸው ሮጥን። መቶ አርባዋን እርምጃ በዚያ ቀን ማን ይቆጥራታል።